የባርባራ ስታንዊክ ዜና መዋዕል

ሩቢ ስቲቨንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 በኒውዮርክ፣ በብሩክሊን ተወለደች። በ1911 እናቷ ከትራም ወድቃ ሞተች፤ አባቷም ልጆቹን ትቶ ወደ ፓናማ ቦይ ሥራ ሄደ፤ አልተመለሰም። ልጅቱ በእኅቷ እጅና በባዕድ ቤት አደገች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በመድረክ ጨፋሪ ሆነች። በ1926 በብሮድዌይ ተውኔት ስትጫወት ስሟ ተለውጦ ባርባራ ስታንዊክ ተባለች።

ከዚህም በኋላ ሆሊውድ ገባች። የመጀመሪያ ፊልሞቿ እዚህ ግባ የሚባሉ አልነበሩም። በ1930 ግን ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ ጠባይዋን ተረዳ፤ ስሜቷ የሚያይለው በመጀመሪያው ቀረጻ ነበርና ሌሎቹን ያለ እርስዋ እያለማመደ፣ እርስዋን በብዙ ካሜራ ባንድ ጊዜ ያነሣት ጀመር። ከዚያ ወዲያ የሚያቆማት አልተገኘም። በ1944 «ደብል ኢንደምኒቲ» በተባለው ፊልም ባሏን ለመድን ገንዘብ የምታስገድል ሚስት ሆነች። ነፍሰ ገዳይ መስላ መታየቱን ፈርታ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር በነገር ወጋ አድርጎ አሳመናት። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ሴቶች ሁሉ ከፍተኛ ተከፋይ ተባለች። ለኦስካር አራት ጊዜ ታጨች፤ አራቱንም ጊዜ ሌሎች ወሰዱት። ዳኞቹ የቀልዱንም የሐዘኑንም ሥራዋን አይተው ማለፋቸው ዛሬም ያስገርማል።

ዕድሜዋ አምሳ ሲደርስ የሚመጥናት ሚና እየሳሳ ሄደ። በዚያም ዘመን ብዙ የፊልም ሰዎች ቴሌቪዥንን ይንቁ ነበር፤ እርስዋ ግን አልናቀችውም። በ1960 በስሟ የተጠራ ትርኢት በኤንቢሲ ጀመረች። ትርኢቱ ከአንድ የሥርጭት ዘመን አላለፈም፤ እርስዋ ግን በ1961 የኤሚ ሽልማት አገኘችበት። በ1965 «ዘ ቢግ ቫሊ» ተጀመረ። በዚህም በ19ኛው መቶ ዘመን በካሊፎርኒያ ሰፊ የከብት እርባታ የምታስተዳድር ባልቴት፣ ቪክቶሪያ ባርክሌ ሆነች፤ ከጓዳ የማትወጣ እናት ሳትሆን ፈረስ ጋላቢ፣ ጠመንጃ ተኳሽ ነበረች። ድራማው እስከ 1969 በ112 ክፍል ታየ፤ በ1966 ሁለተኛውን ኤሚ አስገኘላት።

በ1982 የክብር ኦስካር ተሰጣት። በማግሥቱ ዓመት በቴሌቪዥን ድራማው «ዘ ቶርን በርድስ» የአውስትራሊያ ባለጸጋ አሮጊት ሆና ሦስተኛውን ኤሚ ወሰደች። በ1985 «ዘ ኮልቢስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ተወችው። ጥር 20 ቀን 1990 በሳንታ ሞኒካ በ82 ዓመቷ ዐረፈች። በፈቃዷ የቀብር ሥርዓት አልተደረገላትም፤ አመዷም በካሊፎርኒያ በሎን ፓይን ተበተነ።