መሐላና ማስረጃ

ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የሰንጋ ገበያ ነበር። በገበያውም ሆነ በዳኛ ፊት፣ የጥንቱ ተከራካሪ «ምኒልክ ይሙት!» እያለ ቃሉን በንጉሥ ስም ያጸናል፤ በማር ወይም በበቅሎም ይወራረዳል። ልማዱ ከንቱ አልነበረም፤ ጽሑፍ ባልተስፋፋበት ዘመን ሐሰተኛውን ያስፈራ ነበር። ዳሩ ግን ውርርድ የተናጋሪውን ድፍረት እንጂ የነገሩን እውነት አይለካም፤ ባለጸጋው ከድኻው ይልቅ በበቅሎ ለመወራረድ ይደፍራልና። የንጉሥ ስም ስለ ተጠራም ሰንጋው በሚዛን ላይ አንድ ኪሎ አይጨምርም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሙግቱን በጽሑፍ ክስና በማስረጃ ላይ አቆመው። ይሁን እንጂ መሐላው ከዕለት ተዕለት ክርክር አልወጣም፤ «እናቴ ትሙት!» የሚለው ከብት ነጋዴ ስለ በሬው ዕድሜ ተጠይቆ ስለ እናቱ ይመልሳል።