ከአጫሾች ክበብ እስከ ከተማው ምክር ቤት፦ የኦታክሪንግ ሶሻል ዴሞክራቶች

ስለ ፓርቲ ታሪክ ስንጽፍም ሆነ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው በአብዛኛው በመሪዎች ላይ ነው። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ የትኛው አንጃ የትኛውን አባረረ፣ ፕሮግራሙ በየትኛው ጉባኤ ተለወጠ የሚለው ገጹን ሁሉ ይሞላዋል። ነገር ግን በየወሩ በር እያንኳኳ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ጎረቤት ሲታመም የሚጠይቅ፣ ለስብሰባ ወንበር የሚደረድር ሰው ከሌለ ፓርቲ ማለት ማኅተምና ባንዲራ ብቻ ነው። በዛሬው ጽሑፌ የአንድ የወረዳ ማኅበርን ታሪክ ለማቅረብ የወደድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ማኅበሩ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ ኦታክሪንግ በሚባለው 16ኛ ወረዳ የተቋቋመው የሶሻል ዴሞክራቶች ማኅበር ነው።

ኦታክሪንግ እ.ኤ.አ. በ1892 ወደ ቪየና ከተማ ሲጠቃለል የሠራተኞች ሰፈር ነበር። ከቦሄሚያና ከሞራቪያ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ቤተሰቦች በጠባብ ክፍሎች ተጨናንቀው ይኖሩበት ነበር። የቤት ኪራይ ከመወደዱ የተነሣ ክፍል መከራየት ያቃተው ሰው ለመኝታ ሰዓቱ ብቻ አልጋ ይከራይ ነበር፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛበታል።

ፖለቲካ ደግሞ ክልክል ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ስለ ደነገገ የሠራተኞች ማኅበራት ይዘጉ፣ መሪዎቻቸውም ይባረሩ ነበር። በዚህ ወቅት በ1864 የተወለደው ወጣቱ ሠራተኛ ፍራንትስ ሹማየር ከጓደኞቹ ጋር “አፖሎ” የተባለ የአጫሾች ክበብ አቋቋመ። ለፖሊስ ክበቡ ትንባሆ የሚያጨሱ ሰዎች መሰብሰቢያ ነው። በጢሱ ውስጥ ግን የተከለከለ ጽሑፍ ይነበባል፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ይመከራል። የኦታክሪንግ ማኅበር ሥር ከእንዲህ ያለው ክበብ ይመዘዛል። የኦስትሪያ ሶሻል ዴሞክራቶች በቪክቶር አድለር አስተባባሪነት ሃይንፌልድ በተባለች ከተማ ተሰብስበው አንድ ፓርቲ የሆኑት በ1888 ማብቂያና በ1889 መባቻ ላይ ነው። እንግዲህ ሰፈሩ ፓርቲውን ቀድሞታል ማለት ነው።

ለመሆኑ ድምፅ የሌለው ሰው ተወካይ የሚያገኘው እንዴት ነው? የቪየና ምክር ቤት ምርጫ መራጮችን በግብራቸው መጠን በመደብ የሚከፋፍል ነበር። በ1900 አንድ አራተኛ መደብ ተጨምሮ ግብር የማይከፍሉ ወንዶችም እንዲመርጡ ተፈቀደ። ይሁንና ለዚህ ብዙኃን ላቀፈ መደብ የተሰጠው 20 መቀመጫ ብቻ ሲሆን፣ ሴቶች ጨርሶ አልተቆጠሩም። በከተማው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት ሶሻል ዴሞክራቶችም ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ከኦታክሪንግ ሹማየር፣ ከፋቮሪተን ወረዳ ያኮብ ሮይማን። ከንቲባው ካርል ሉዌገር ምክር ቤቱን በእጁ መዳፍ ይዞት ነበር። ሁለት ድምፅ ውሳኔ አያስቀይርም፤ ሹማየር ግን የኦታክሪንግን ኪራይና የዳቦ ዋጋ በሰፈሩ አነጋገር እየተናገረ አዳራሹን እረፍት ነሣው። በማግሥቱ ዓመት ለአገሪቱ ፓርላማም ተመረጠ።

መስከረም 17 ቀን 1911 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የኑሮ ውድነት ሕዝቡን አደባባይ አወጣው፤ ሠራዊቱ በኦታክሪንግ ጎዳናዎች ተኩሶ ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ የካቲት 11 ቀን 1913፣ ሹማየር ከስብሰባ ሲመለስ በባቡር ጣቢያ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ፓውል ኩንሻክ፣ የተቀናቃኙ የክርስቲያን ሶሻል ፓርቲ ፖለቲከኛ የሊዮፖልድ ኩንሻክ ወንድም ነበር። በቀብሩ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። በአንድ የወረዳ ተወካይ ቀብር ይህን ያህል ሰው የተገኘው ሟቹን በስሙ ሳይሆን በመልኩ ስለሚያውቀው ይመስለኛል።

ሴቶች ጭምር በእኩልነት በመረጡበት በግንቦት 1919 ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶች ከ165 መቀመጫ 100ውን አሸነፉ። ከ1900ዎቹ ሁለት ተወካዮች አንዱ ሮይማን ከንቲባ ሲሆን፣ ሌላው በኦታክሪንግ መቃብር ተኝቶ ነበር። ቪየና በ1922 ራሷን የቻለች ክፍለ ግዛት በመሆኗ ግብር የመጣል ሥልጣን አገኘች። የከተማዋ የገንዘብ ኃላፊ ሁጎ ብራይትነርም በ1923 ባለ ቅንጡ ቤቱን ከባለ ደሳሳው እጅግ የበለጠ የሚያስከፍል የቤት ግንባታ ግብር አወጣ። በዚህ ገንዘብ እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 በላይ ቤቶች ተሠሩ። ከነዚህም መካከል በ1924 ተጀምሮ በ1928 የተጠናቀቀው የኦታክሪንጉ ዛንድላይተን 1,587 መኖሪያዎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የልብስ ማጠቢያና የሕፃናት ማቆያ ነበሩት። አልጋ በሰዓት ይከራይ የነበረው ሰፈር ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ የተሸከመው ማነው? በ1920ዎቹ ማብቂያ ፓርቲው በቪየና ብቻ 400,000 ገደማ አባላት ነበሩት። የማኅበሩ ታማኞች የሚባሉ ሰዎች እየዞሩ መዋጮ ይሰበስቡ፣ ቅሬታም ይቀበሉ ነበር። የእኛን ዕድር ሰብሳቢ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

የካቲት 1934 ግን ክፉ ወር ሆነ። ቀደም ብሎ ፓርላማውን የዘጋው የኤንግልበርት ዶልፉስ መንግሥት፣ የታጠቁ ሠራተኞች ሲቋቋሙት በመኖሪያ ሰፈሮች ላይ መድፍ አጠመደ። የኦታክሪንግ የሠራተኞች ቤትም ተደበደበ። የወረዳው ተወካይና ቀደም ሲል የታችኛው ኦስትሪያ አስተዳዳሪ የነበረው አልበርት ሴቨር ይኖር የነበረው እዚያው ሲሆን፣ ባለቤቱ ኢዳ በድብደባው ሞተች፤ እርሱም ታሰረ። ፓርቲው ታገደ፤ ከንቲባው ካርል ዛይትስ ከጽሕፈት ቤቱ ተይዞ ወጣ። ከዚያም የናዚዎች ዘመን ተከተለ። ሴቨር በ1942 ነፃነትን ሳያይ ሞተ። ሆኖም በኅዳር 1945 ምርጫ ሲደረግ ሶሻሊስቶች በቪየና ምክር ቤት ከ100 መቀመጫ 58ቱን አገኙ። አሥራ አንድ ዓመት እገዳ አዳራሹን ዘጋ እንጂ በደረጃዎችና በግቢዎች መካከል የተሠራውን ትውውቅ አላጠፋውም።

ታሪክን እያሞካሹ ብቻ መተረክ ግን የመምህር ሥራ አይደለም። ከ1945ቱ ምርጫ ወዲህ የቪየና ከንቲባ የሆነው ሁሉ ከዚሁ ፓርቲ ነው፤ ከ1994 እስከ 2018 ከንቲባ የነበረው ሚሻኤል ሆይፕልም የኦታክሪንግ ማኅበር ሰው ነው። ሥልጣን ሲረዝም የአባልነት ደብተር ከመታገያነት ወደ መጠቀሚያነት ዞረ፤ ለከተማው ቤትና ሥራ ደብተሩ መንገድ ይጠርጋል የሚለው ወቀሳ ለአሥርተ ዓመታት ተሰምቷል። በ2025 በተደረገው ምርጫ የፓርቲው ድርሻ 39 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1927 ግን 60 በመቶ ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ በቪየና ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ነዋሪዎች አንድ ሦስተኛው ያህል፣ ዜግነት ስለሌላቸው፣ የከተማውን ምክር ቤት አይመርጡም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዜጎች እንኳ የሚመርጡት የወረዳውን ምክር ቤት ብቻ ነው። በኦታክሪንግ የሚጠርገው፣ የሚገነባውና የሚያስታምመው ብዙው ሰው ከዚህ ወገን ነው፤ በከተማዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ እንዲሁ ናቸው። አጫሾች መስለው የተሰበሰቡት እነዚያ ወጣቶችም ድምፅ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ የማኅበሩ ፈተና መቀመጫውን መጠበቅ አይመስለኝም። ሹማየር ተወካይ የሆነው ምርጫ ከማሸነፉ በፊት ነው፤ ድምፅ የሌለውን ጎረቤቱን ቆጥሮ በመነሣቱ ነው። የዛሬው ማኅበር ያንን ጎረቤት ሊያንኳኳለት ካልሄደ፣ ሌላ ክበብ በሌላ ስም መመሥረቱ አይቀርም። በየትኛውም አገር ተወካይ ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ መልካም ነው፦ ለመሆኑ ድምፅ የሌለው ጎረቤቴ በሬን ያውቀዋልን?

ቸር ይግጠመን።