‹‹ኮታ››፤ ከሽማግሎች ሸንጎ እስከ ሊዝቦን ጎዳና

የጎዳና ንግግር በብዙ ሊቃውንት ዘንድ እንደ ገለባ ይቈጠራል፤ ነገር ግን መጽሐፍ ያልጻፈውን ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ጠብቆ የሚያቈየው እርሱ ነው። በፖርቱጋል ወጣቶች አፍ የምትነገረው ‹‹ኮታ›› ለዚህ ምስክር ናት።

የሊዝቦን ወጣት ‹‹ኮታዎቼ›› ሲል አባቱንና እናቱን ማለቱ ነው፤ ‹‹ያ ኮታ›› ሲል ደግሞ ዕድሜው የገፋውን ሰው ነው። በአነጋገሩ ፍቅር አለበት፤ ጥቂት ንቀትም አያጣውም። እኛም የምናውቃት፣ ድርሻ ማለት የኾነችው ኮታ በፖርቱጋል ቋንቋም ስላለች፣ ድምፅን ብቻ የሚከተል ሰው ሁለቱን የአንድ እናት ልጆች ያደርጋቸዋል። ዳሩ ግን ያችኛዪቱ የላቲን ዘር ናት፤ ይህች ግን አፍሪካዊት ናት።

አገሯ አንጎላ ነው። በሉዋንዳና በአካባቢዋ የሚነገረው የኪምቡንዱ ቋንቋ፣ በዕድሜ የቀደመውን ታላቅ ሰው ‹‹ዲኮታ›› ይለዋል፤ ሲበዛም ‹‹ማኮታ›› ይኾናል። የባንቱ ቋንቋዎች ነጠላውንና ብዙውን የሚለዩት በቃሉ መጀመሪያ ስለ ኾነ፣ ‹‹ዲ›› እና ‹‹ማ›› ባዕድ መነሻዎች ናቸው፤ ሥሩ ‹‹ኮታ›› ነው። በቀድሞው ዘመን ማኮታ የሚባሉት ከአለቃው ጋር ተቀምጠው ነገር የሚመረምሩ መማክርት ነበሩ።

ፖርቱጋሎች ሉዋንዳን እ.ኤ.አ. በ1576 ከቈረቈሩ በኋላ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ከተማ አራት መቶ ዓመት ያህል ጐን ለጐን ኖሩ። በ1975 አንጎላ ነጻ ስትወጣ፣ ከአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ፖርቱጋል ገባ፤ እስከ 2002 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነትም ብዙ አንጎላውያን ተከተሉ። ቃሏም ከስደተኞቹ ጋር ባሕር ተሻግራ በሊዝቦን ሠፈሮች ተስፋፋች።

በአንጎላ ሰውን ‹‹ኮታ›› ብሎ መጥራት፣ እኛ ‹‹ጋሼ›› እንደምንለው ያለ አክብሮት ነው። በሊዝቦን ግን ድምፅዋ ሳይለወጥ ማዕረግዋ ቀለለ፤ መማክርቱን ያከበረ ስም የወጣቶች መቀለጃ እስከ መኾን ደረሰ።

የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ስዋሂሊ ጠረጴዛን ‹‹ሜዛ›› የሚለው ከፖርቱጋሎች ወስዶ መኾኑን ይማራሉ። ይህ እውነት ነው፤ ግን የታሪኩ እኩሌታ ብቻ ነው። ገዢ የነበረውም ከተገዢው ተቀብሏል፤ የተቀበለውም የገዛ ወላጆቹን የሚጠራበትን ስም ነው። ስለዚህ ተማሪ የጎዳና ቃል ይዞ ክፍል ሲገባ፣ መምህሩ ከማረሙ አስቀድሞ ቃሉን ‹‹አገርህ ወዴት ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ትምህርቱ ይሰፋለታል።