ለመተማም እንደ «አድዋ» ያለ ፊልም

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሱዳን ማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው አረፉ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ አዘንብሎ ሳለ የንጉሡ መቁሰል ሠራዊቱን በተነው፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህን ታሪክ ለመመርመር ሥዕልን፣ ድምፅንና ሙግትን ያጣመረ ፊልም ያስፈልጋል ባይ ነኝ። አብነቱም የጎንደር ልጅ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ከጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ጋር ተሰባስበው ሠሩ፤ አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዝ ነበር። «ቡሽ ማማ» የተባለውን የኃይሌን ፊልም ከቀረጹት አንዱ ከነዚሁ ተማሪዎች መካከል የነበረው ቻርልስ በርኔት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው «አድዋ» ደግሞ ኃይሌ ሥዕልን፣ ዜማንና የአዛውንትን ቃል አጋጥመው በጣልያን ላይ የተገኘውን የአድዋ ድል ይመረምራሉ።

«ሥዕል ያዳላል፣ ትውስታም ይሳሳታል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ በአገራችን የጦርነት ሥዕል ወገን በሁለት ዓይን፣ ጠላት በአንድ ዓይን ይሳላል። ግን የንጉሥ ዜና መዋዕልም ያዳላል። ጥሩ ፊልም አድልዎውን ለተመልካች ገልጦ ያሳያል፤ ፍርዱንም ለእሱ ይተዋል። «ሽንፈትን ማንሳት ቁስል መቀስቀስ ነው» ለሚሉም መልስ አለ፦ መተማ ላይ ሁለት አፍሪካውያን ጎረቤታሞች ሲዳከሙ ጣልያን በዚያው ዓመት አስመራን ያዘች። ይህን ያልተረዳ አድዋንም በቅጡ አይረዳም። እንግዲህ የመተማ፣ የሳንጃና የጎንደር ወጣት ሠዓልያንና የፊልም ባለሙያዎች ተሰባሰቡ፤ ከድንበሩ ማዶ በገላባት ያለውንም የሱዳን ወገን ጠይቁ፤ ሥራችሁንም አስቀድማችሁ ለድንበሩ ሕዝብ በዐውደ ርዕይ አሳዩ።