«ወሰን መግፋት» እና «ወሰን መጣስ»፦ ስለ አንድ የኮምፒዩተር ስያሜ አመጣጥና አተረጓጐም

በኮምፒዩተር የሚካሄድ የሳይንስ ስሌት በመካከሉ ድንገት ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ በመስኮቱ ላይ የሚታየው መልእክት ሁለት ቃላት ብቻ ነው፤ «ሰግመንቴሽን ፎልት»። አንዳንድ ጊዜም «ኮር ደምፕድ» የሚል ሐረግ ይከተለዋል። የአየር ጠባይ ተመራማሪውም ሆነ የድልድይ መሐንዲሱ ይህን መልእክት በዐይኑ ያውቀዋል። ነገሩ በተርጓሚ እጅ ሲገባ ግን ችግር ይፈጠራል። ተርጓሚው «ሰግመንት»ን ክፍልፋይ፣ «ፎልት»ን ስሕተት ብሎ «የክፍልፋይ ስሕተት» የሚል ሐረግ ያወጣል። ሐረጉ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ይሁንና «ክፍልፋይ» በአማርኛ የሒሳብ ትምህርት የታወቀ ፍች ያለው ቃል ስለሆነ፣ አንባቢው ጥፋቱን በማካፈል ስሌት ውስጥ ይፈልገዋል፤ ከማካፈል ጋር ግን ጉዳዩ አንዳች ግንኙነት የለውም።

ስያሜው ይህን መልክ እንዴት እንደያዘ ለመረዳት ታሪኩን መመርመር ያስፈልጋል። በጆን ባከስ መሪነት የተዘጋጀው የፎርትራን ቋንቋ በ1957 እ.ኤ.አ. ከአይቢኤም ኩባንያ ሲወጣ፣ በዘመኑ ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአብዛኛው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ በማኅደረ ትውስታው ላይም ሌላ ባለይዞታ አልነበረም። ጎረቤት በሌለበት የወሰን ክርክር አይነሣም። ክርክሩ የመጣው ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ማሽን መጋራት በጀመሩ ጊዜ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የታወቀው የበሮውዝ ኩባንያ ቢ5000 ማሽን፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮም መልቲክስ የተባለው ሥርዐት፣ ማኅደረ ትውስታውን መነሻና ርዝመት ወዳላቸው ይዞታዎች ከፋፈሉት። የእያንዳንዱ ይዞታ ስም «ሰግመንት» ተባለ። ከርዝመቱ ያለፈ አድራሻ የጠራ ፕሮግራም በማሽኑ ይያዛል። ከመልቲክስ ሥራ የወጡት የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒክስን ሲሠሩ ቃሉ ወደዚያ ተሻገረ፤ ከዩኒክስም ወደ ተከታዮቹ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ተለውጠዋል። ዛሬ ማኅደረ ትውስታ የሚከፋፈለው እኩል መጠን ባላቸው ገጾች ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ባለ64 ቢት የኤኤምዲ ማሽን የጥንቱን ሰግመንት ከሞላ ጎደል ትቶታል። ስሙ ግን ቀርቷል፤ ሰንጋ ተራ ሰንጋ የማይሸጥበት ሰፈር ሆኖም ሰንጋ ተራ እንደተባለ ሁሉ። ለሰፈር ስም ይህ ምንም አይደለም። ሙያዊ ስያሜን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲያሻግሩ ግን የሞተውን አካል ተርጉሞ ሕያውን ተግባር መተው ይሆናል።

«ኮር» ከዚህም ይብሳል። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የማኅደረ ትውስታ ዋና መሣሪያ በሽቦ የተሰካኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ቢት ይይዛል፤ ስሙም ኮር ነው። ስለዚህ «ኮር ደምፕድ» ማለት ፕሮግራሙ በወደቀበት ቅጽበት የነበረው የትውስታ ይዘት ለምርመራ እንዲሆን በፋይል ተገልብጦ ተቀምጧል ማለት እንጂ፣ እምብርት ወይም ፍሬ ነገር ተጣለ ማለት አይደለም። ለዚህ ከቢሮ ሥራ የምናውቀው «ግልባጭ» የሚለው ቃል ፍጹም ይስማማል፤ «የትውስታ ግልባጭ» ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገባል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ፕሮግራሙ የሚፈጽመው ጥፋት ምንድን ነው? የተሰጠውን ይዞታ አልፎ ይጽፋል ወይም ያነባል። ለዚህ ተግባር አማርኛ ከመሬት ሥሪት የወረሰው ቃል አለው፤ ወሰን መግፋት። የገፊ ገበሬ ጠባይ እዚህም አለ። በሬውን አሻግሮ ያረሰው ትልም የራሱ ሌላ ማሳ ውስጥ ከወደቀ የሚከሰው የለም፤ ከሳሽ የሚነሣው ወደ ሌላ ሰው መሬት ሲገባ ነው። ማሽኑም ፕሮግራሙ በራሱ ገጾች ውስጥ አንዱን ይዞታ በሌላው ላይ ቢጽፍ ዝም ይላል፤ የሚያስቆመው ጨርሶ ያልተሰጠውን ገጽ ሲነካ ነው።

በምሳሌ እንየው። የዝናብ መጠን የሚያሰላ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ መለኪያ ጣቢያ የስም ቦታ ይመድባል፤ ከስሙ ቀጥሎም የጣቢያው ተራ ቁጥር ተጽፏል። ጣቢያው በኮልፌ ቀራንዮ፣ ሳንሱሲ ነው እንበል። ጸሐፊው «ሳንሱሲ» አራት ፊደል ነው፣ የማብቂያው ምልክት አንድ ይጨመር ብሎ 5 ባይት ይመድባል። ለአራት የላቲን ሆሄያት ይህ ሒሳብ ልክ ነው። የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ይገኛል፤ በሰፊው በሚሠራበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍም እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ስሙ የሚፈልገው 13 ባይት ነው፤ 8ቱ ከወሰን ውጭ ይወድቃሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ 3ቱ ማሽኑ ለአደራደር ሲል ክፍት በተዋቸው ቦታዎች ላይ ያርፋሉ። ተከታዮቹ 4ቱ፣ ይኸውም የ«ሱ» የመጨረሻ ባይትና የ«ሲ» ሦስት ባይቶች፣ ቀድሞ የተጻፈውን ተራ ቁጥር ይደመስሳሉ። በተለመዱት ማሽኖች እነዚህ አራት ባይቶች እንደ ቁጥር ሲነበቡ −1,299,652,175 ይሆናሉ።

እስከዚህ ድረስ ድምፅ የለም። ምናልባት ከብዙ ሺህ መስመር በኋላ ፕሮግራሙ በዚያ ተራ ቁጥር ከዝናብ ሰንጠረዥ ውስጥ መጠኑን ሊያወጣ ሲሞክር ያልተሰጠውን ገጽ ይነካል፤ ማሽኑም ያስቆመዋል። መልእክቱና የትውስታ ግልባጩ መርማሪውን የሚመሩት ሰንጠረዡ ወደተነበበበት መስመር ነው። ጥፋቱ ያለው ግን ስሙ በተቀዳበት መስመር ላይ ነው። በሳይንስ ስሌት ላይ ዋናው አደጋም ከመውደቅ ይልቅ አለመውደቅ ይመስለኛል፤ የተደመሰሰው ተራ ቁጥር ሳይሆን የዝናቡ መጠን ቢሆን ኖሮ ስሌቱ እስከ መጨረሻው ሄዶ የተዛባ ውጤት ባወጣ ነበር።

እንግዲህ ለሁለት የተለያዩ ድርጊቶች አንድ ስያሜ መስጠት መርማሪውን ከተሳሳተው መስመር ላይ ያስቀምጠዋል። ጥፋቱን «ወሰን መግፋት»፣ ማሽኑ ያስቆመበትን ክሥተት ደግሞ «ወሰን መጣስ» ብንላቸው ልዩነቱ በቃላቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ መግፋት ቀስ እያለ ሳይታወቅ የሚደረግ ነው፤ መጣስ ግን የታወቀ ሕግን መተላለፍ ነው። አንድ የመመሪያ ዐረፍተ ነገር «ወሰን መጣሱ የታየበትን መስመር ከለያችሁ በኋላ ወሰን የተገፋበትን ፈልጉ» ቢል ተማሪው ሁለት ቦታ እንዳለ ወዲያው ይረዳል።

የምርመራው መሣሪያዎችም ስም ይፈልጋሉ። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂዲቢ የተባለው መመርመሪያ አንድ የትውስታ ቦታ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙን እንዲያቆም ሊታዘዝ ይችላል። በምሳሌያችን ተራ ቁጥሩ ላይ ይህን ብናቆም ገፊው እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ለዚህ «ቃፊር» እላለሁ፤ ከጦሩ ቀድሞ የሚጠብቅና የሚያስጠነቅቅ ነውና። የፎርትራን ኮምፓይለሮች ደግሞ እያንዳንዱ የሰንጠረዥ ተራ ቁጥር ከወሰኑ አለማለፉን እንዲመረምሩ በምርጫ ሊታዘዙ ይችላሉ። ይህ «የወሰን ምርመራ» ስሌቱን ስለሚያዘገይ ብዙዎች ከሙከራ በኋላ ያጠፉታል።

ቃሉን እንዳለ በድምፁ መዋስ ይሻላል የሚሉ አሉ። በ1964 ዓ.ም. ከተመሠረተው የአማርኛ አካዳሚ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለው ተቋም ጀምሮ ይህ ክርክር አልተቋረጠም። እኔም በመርሕ ውሰትን አልቃወምም፤ «ባይት»ንና «ኮምፓይለር»ን እዚሁ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ነገር ግን የውሰት ቃል ድምፁን ይዞ ፍቹን ደጅ ይተዋል። «ሳንሱሲ» በድምፁ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ከሚለው ሐረግ ጋር አንድ ነው፤ ቦታውን የሚጠራ ሰው ግን ስለ ሐሳብ መኖርና አለመኖር የሚያስበው የለም፤ ማሰብም አይጠበቅበትም። ለዕቃና ለቦታ ስም ይህ ይበቃል። የጥፋት ስም ግን ጥፋቱ የት እንደሚፈለግ መጠቆም አለበት።

የመሬት ሥሪቱ ምሳሌ የማይሸፍነው አንድ ነገር ይቀራል። አድራሻው ዜሮ የሆነ ጠቋሚ ሲጠራም ማሽኑ ያንኑ መልእክት ይሰጣል። እዚህ የተገፋ ወሰን የለም፤ በዘልማድ ያ ገጽ ለማንም እንዳይሰጥ ሆን ተብሎ ክፍት ይተዋል። ባለቤት የሌለውን መሬት «ጠፍ» እንላለንና «ጠፍ ጠቋሚ» ማለት ይቻል ነበር። ይሁንና ጠፍ መሬት ቀድሞ ባለቤት የነበረው ስለሆነ፣ ቃሉ ፕሮግራሙ ይዞታውን ከመለሰ በኋላም ወደ እርሱ ለሚያመለክት ጠቋሚ የተሻለ ይሆናል፤ ለዜሮው «ባዶ ጠቋሚ» ይበቃል።