የአማርኛ የበረራ ቃላት አመጣጥና የሞዴል አውሮፕላን ስያሜዎች

በደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትገኘው ሮብ ገበያ የምትጠራው በገበያ ዕለት ስም ነው። «ረቡዕ» ከግእዙ የአራት ቁጥር ሥር የወጣ ቃል ሲሆን፣ በሕዝቡ አንደበት አጥሮ «ሮብ» ሆኗል። ይህን ስም ጉባኤ ተቀምጦ አላወጣውም፤ ተናጋሪዎች ሲገለገሉበት ጸና እንጂ። የቴክኒክ ቃል ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ፋታ አያገኝም። የተሳሳተ ስያሜ መሣሪያውን ከነሥራው ሊያበላሸው ይችላል። ይህን ለማስረዳት በራዲዮ የሚመራውን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውንና በአየር ላይ ትርኢት የሚያሳየውን ትንሽ ሞዴል አውሮፕላን መርጠናል።

አስቀድሞ የቃላቱን ታሪክ እንመልከት። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የበረራ ቃላት በሦስት መንገድ ወደ አማርኛ ገብተዋል። አንደኛው ውሰት ነው፤ «አውሮፕላን» እና «ሞተር» ከአውሮፓ ቋንቋዎች ተወስደዋል። ሁለተኛው ማጣመር ነው፤ «አየር» ቀድሞ ከግሪክ ወደ ግእዝ የገባ ቃል ቢሆንም፣ ከአማርኛ ቃላት ጋር ተጣምሮ «አየር ኃይል» እና «አየር መንገድ» የሚሉትን አስገኝቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የኋለኛው ጥምር የአንድ ታላቅ ድርጅት መጠሪያ ሆነ። ሦስተኛው ነባሩን ቃል ለአዲስ ሥራ ማሠማራት ነው። «አብራሪ» ከ«በረረ» ወጣ። «ማኮብኮቢያ» ደግሞ ከ«አኮበኮበ» ተገኘ፤ ትላልቅ አዕዋፍ ከመነሣታቸው በፊት ክንፋቸውን እያርገበገቡ መንደርደራቸውን የሚገልጽ ግሥ ነው። በእኛ አስተያየት ከሦስቱ መንገዶች ብዙ የሚናገረው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቃሉን የሰማ ሁሉ ድርጊቱን በዐይነ ኅሊናው ያየዋልና።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሠራችው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን «ፀሐይ» ተብላ መጠራቷ ይታወሳል። ጣሊያኖች ወደ አገራቸው ወስደዋት ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። የመሣሪያው ዓይነት በውሰት ቃል ሲጠራ፣ ሥራው ራሱ ግን የአገር ስም አገኘ። ክፍሎቹ በምን ስም ይጠሩ የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ በቂ መልስ አላገኘም።

በኤሌክትሪክ ኃይል በራዲዮ ለተመራ ሞዴል በይፋ የተመዘገበው የመጀመሪያ በረራ በእንግሊዝ አገር ሰኔ 23 ቀን 1949 ዓ.ም. የተደረገው የኮሎኔል ታፕሊን በረራ ነው። የያኔው ባትሪ ከብርና ከዚንክ የተሠራ ነበር፤ የዛሬዎቹ የሊቲየም ባትሪዎች ግን ቀላልና ብርቱ ናቸው። ሞዴሉን የሚያዘጋጅ ሰው በመጀመሪያ ፕሮፔለሩን ያወልቃል፤ ሞተሩ በድንገት ቢነሣ ጣትን ይቆርጣልና። ከዚያም ክንፉን በሁለት ጣቶች ደግፎ የክብደቱን ማዕከል ይፈትናል፤ መሪ ክፍሎቹም ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መታጠፋቸውን አንድ በአንድ ያረጋግጣል። ይህን ሁሉ የሚማረው በቃል ነው። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ እንደሚመለከት፣ ሞዴሉ ወደ እርሱ ሲመጣ የአውሮፕላኑ ግራ የእርሱ ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ መመሪያው «ወደ ግራ» ብቻ ካለ የማን ግራ እንደሆነ አይታወቅም።

ከሁሉ የሚከፋው «ስቶል» የሚባለውን «የሞተር መቆም» ብሎ መተርጎም ነው። ለመኪና ትክክል ነው፤ ለአውሮፕላን ግን ስሕተት ነው። ክንፉ ከነፋሱ ጋር የሚያደርገው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ ተሸካሚነቱን ያጣል፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየዞረም ይህ ይደርሳል። የተሳሳተውን ትርጉም ያነበበ ተማሪ አፍንጫውን ዝቅ እንደማድረግ ሞተሩን ለማስነሣት ይታገላል፤ በዚህ መካከል ሞዴሉ ይከሰከሳል። ነገሩ በጎጃም ደጋ ይበልጥ ይከብዳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ክንፉ እንዳይከዳ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት ከመቶ 12 ያህል ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በአየር መሳሳት ኃይሉን ባያጣም፣ ክንፉና ፕሮፔለሩ ግን ከመሳሳቱ አያመልጡም። በመሆኑም «ክንፍ መክዳት» የሚለውን እናቀርባለን፤ ጥፋቱ የክንፉ እንጂ የሞተሩ አለመሆኑን ቃሉ ራሱ ያስረዳል።

«ኤሌቬተር» ሌላው ወጥመድ ነው። የሕንጻውን «አሳንሰር» እዚህ ማምጣት እንደማይገባ ግልጽ ነው። «ማንሻ» ማለት ግን ለጊዜው ያማልላል፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ አፍንጫው ይነሣልና። ሆኖም ትርኢት የሚያሳይ አውሮፕላን በጀርባው ይበርራል። ያን ጊዜ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ አፍንጫው ወደ መሬት ያመራል፤ «ማንሻ» የተባለውም ያወርዳል። በሥራ የተሰጠ ስም ሥራው ሲገለበጥ ይዋሻል፤ በቦታ የተሰጠ ስም ግን ይጸናል። በጣና ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በያዘው መቅዘፊያ ታንኳውን እንደሚያዞር፣ እነዚህም ክፍሎች ነፋሱን እየገፉ አውሮፕላኑን ይመራሉ። ስለዚህ ኤሌቬተሩን «የጅራት አግድም መቅዘፊያ»፣ ረደሩን «የጅራት ቁም መቅዘፊያ»፣ ኤለሮኑን «የክንፍ መቅዘፊያ» ብንል ሦስቱም በአንድ ሥርዐት ይጠራሉ።

ለትርኢቶቹም ነባር ቃላት አሉ። እየተሽከረከሩ ቁልቁል መውረድ «እንዝርት»፣ በቁም ክብ ሠርቶ መመለስ «ቀለበት» ሊባል ይችላል። ፈታይ እጅ ያሾረው እንዝርት እየዞረ ሲወርድ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይሻም።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። ተርጓሚዎች በሥራ ላይ አውለው ቢፈትኗቸው፣ የማይመቹትም በተሻሉ ቢተኩ ደስታችን ነው። መመዘኛው ግን አንድ መሆን ይገባዋል፦ ቃሉ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሲበርርም እውነት ሆኖ ይገኛልን?