የውሻ አጥንት በሰው ገላ፦ ሸይኽ ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ እና ሁለት ሺህ መንጋጋዎች

 

 የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ውሻ አጥንት ነው። ኢማም ሆኖ ስለ ውሻ ጀርባ የሚያወራው ምን ነክቶት ነው እንዳትሉን። የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠብን ያስተማሩን ነብይ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለትም ነግረውናል። የዋሻዎቹን ወጣቶች ውሻ አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ ከነአተኛኘቱ ጠቅሶታል። ስለዚህ ስለ ውሻ መናገር ነውር አይሆንብንም። ደግሞም ይህ ነገር በመጨረሻ የሚያደርሰን ወደ አንድ ታላቅ ሙስሊም ዓሊም ነው።

አስቀድመን የአጥንቱን ነገር እንመልከት። ከራስ ቅልና ከመንጋጋ ጀምሮ በአንገትና በጀርባ በኩል እስከ ጅራት የሚወርደው፣ ጎድኖችንና የደረትን አጥንትም የሚይዘው ክፍል የገላ ምሰሶ ነው። እግርና እጅ በዚህ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። በዒድ አል-አድሓ በግ የገነጠለ ሰው ሁሉ ይህን ምሰሶ በእጁ ያውቀዋል። ውሻ ላይ ሲቆጠር አንገቱ 7 የአከርካሪ አጥንት አለው። ጎድን የተሸከመው የጀርባው ክፍል 13፣ ወገቡ ደግሞ 7 ነው። ከዳሌ ጋር በሚጋጠመው ቦታ 3 አከርካሪዎች ተዋህደው አንድ አጥንት ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ሃያ ያህል የጅራት አጥንቶች ይከተላሉ።

ወደ ሰው ስንመጣ አንገታችን ልክ እንደ ውሻው 7 ነው። ከዚያ በታች ግን እንለያያለን። ጎድን የሚሸከመው 12፣ ወገባችን 5፣ ከዳሌ ጋር የሚጋጠመውና በጉልምስና የሚዋሃደው 5 ነው። መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ 4 የሚሆኑ ጥቃቅን አጥንቶች አሉ። ይህ የመጨረሻው ቦታ በዐረብኛ ዐጅቡ ዘነብ የሚባለው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የአደም ልጅ ገላ ሁሉ አፈር ሲሆን እርሱ እንደሚቀር፣ ሰው ከእርሱ እንደተፈጠረና ዳግም ከእርሱ እንደሚገጣጠም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል።

ሁለት ልዩነቶችን ደግሞ በአእምሯችሁ ያዙልኝ። አንደኛው የደረት አጥንት ነው። ውሻ ላይ 8 ትንንሽ አጥንቶች በሰልፍ ተደርድረው ይገኛሉ፤ አዋቂ ሰው ላይ ግን ሦስት ክፍል ብቻ ነው። ሁለተኛው የታችኛው መንጋጋ ነው። ውሻ ላይ ግራና ቀኙ አገጩ ላይ በጅማት የተያያዙ ሁለት አጥንቶች ናቸው፤ ውሻው እስኪሞት ድረስ አይዋሃዱም። የበግ ጭንቅላት ቀቅላችሁ ከሆነ ተመሳሳዩን አይታችኋል፤ መንጋጋው አገጩ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የሰው ልጅም ሲወለድ መንጋጋው ሁለት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ገደማ ተዋህዶ አንድ አጥንት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቢቀቀልም ቢበሰብስም አይለያይም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት ጋለን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ129 ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በጴርጋሞን ነው። በወጣትነቱ በአደባባይ እስከ ሞት የሚዋጉትን የሰይፍ ተፋላሚዎች ያክም ነበር፤ በኋላ ሮም ገብቶ ለንጉሠ ነገሥት ማርቆስ ኦሬሊዮስ ሐኪም ሆነ። በዘመኑ በሮም የሰውን አስከሬን ከፍቶ መመርመር አይሠራበትም ነበር። በመሆኑም ጋለን የሚከፍተው ጦጣን፣ አሳማን፣ ፍየልን፣ ውሻንና የመሳሰሉትን ነበር። ሰነፍ ሰው ግን አልነበረም። የእንስሳን ህብለ ሰረሰር በየደረጃው እየቆረጠ፣ እዚህ ሲቆረጥ የትኛው አካል ይዝላል፣ እዚያ ሲቆረጥስ ትንፋሽ ይቆማል ወይ እያለ አንድ በአንድ መዝግቧል። ለተማሪዎቹም የቻላችሁ እስክንድርያ ሂዱ፣ እዚያ የሰው አጥንት በዓይን ያሳያሉ ብሎ መክሯል። ዓይን ከመጽሐፍ እንደሚበልጥ እርሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የሰውን አከርካሪ ከአንገት እስከ ወገብ 24 ብሎ የቆጠረው በትክክል ነው። ችግሩ የመጣውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉንም ቢሳሳት ኖሮ በቶሎ ይታወቅበት ነበር፤ አብዛኛውን በትክክል ስለተናገረ የቀረውንም ሰዉ አምኖ ተቀበለው። ከወገብ በታች ያለውን ትልቁን አጥንት ከ3፣ ከእርሱ የሚቀጥለውንም ከ3 የተሠራ አደረገው፤ በድምሩ 6 መሆኑ ነው። የደረትን አጥንት 7 አለው። የታችኛውን መንጋጋ ደግሞ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው አለ። ይህ ለሰው የተጻፈ ቢሆንም የውሻን መንጋጋ ቁልጭ አድርጎ የሚገልጽ ነው።

የጋለን መጻሕፍት በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተመለሱ። ከተርጓሚዎቹ ዋነኛው በ260 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 873) ያረፈው ክርስቲያኑ ሐኪም ሑነይን ኢብኑ ኢስሓቅ ነበር። ሙስሊም ሐኪሞች ከእነዚህ መጻሕፍት ተማሩ። አንዳንዶቹ እንደ አቡ በክር አር-ራዚ ያሉት በጋለን ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ ራሱን በቻለ ኪታብ ጻፉ። በአጥንት ጉዳይ ግን ቃሉ እንዳለ ቀጠለ። በ428 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1037) ያረፉት ኢብኑ ሲና እንኳ በታላቁ ቃኑናቸው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብለው ጽፈዋል። ቃኑንን ያነበበ ደረሳም፣ ያስተማረም ሸይኽ ይህንኑ ደገመው።

የሐዲስ ተማሪዎች የምታውቁት አንድ ነገር አለ። አንድ ሐዲስ በመቶ ኪታብ ተጽፎ ብታገኙት መቶ ምስክር አለው ማለት አይደለም። ኢስናዱን ወደ ላይ ስትከተሉት መቶው ሁሉ በአንድ ራዊ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው የአንድ ሰው ወሬ ነው። የመንጋጋው ወሬም እንዲሁ ነበር። ይህን ያስተዋሉት ሰው ደግሞ ሐዲስን ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩ መሆናቸው እኔን አይገርመኝም።

ሸይኽ ሙወፈቁዲን ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ በ557 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1162) በባግዳድ ተወለዱ። ሐዲስን፣ ፊቅህንና የዐረብኛን ቋንቋ በከተማቸው ከቀሩ በኋላ ዒልም ፍለጋ ሞሱልን፣ ደማስቆን፣ ካይሮን ዞሩ፤ ከሱልጣን ሶላሑዲንም ጋር ተገናኝተዋል። ካይሮ በኖሩበት ጊዜ ጧት በአል-አዝሀር ያስተምራሉ፤ ቀትር ላይ ሕክምና የሚማሩ ደረሶች ወደ እርሳቸው ይመጣሉ፤ ከዚያ ማምሻውን ወደ አዝሀር ይመለሳሉ። ዛሬ ዲንና ዓለማዊ ትምህርት አንድ ራስ ላይ አይገናኙም የሚሉን ሰዎች የእኚህን ሰው የአንድ ቀን ውሎ ቢያዩት ጥሩ ነበር።

በእርሳቸው ዘመን ግብፅን ታላቅ ረሃብ መታት። የዓባይ ሙላት ቀረ፤ በ597 እና በ598 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. ከ1200 እስከ 1202) አገሩ ተራበ። ሸይኹ ያዩትን በ600 ዓ.ሂ. በጻፉት አል-ኢፋዳ ወል-ኢዕቲባር በተባለው ኪታባቸው አስቀምጠውታል። ሰዎች በመጀመሪያ የሞተ ከብትና ውሻ በሉ፤ ከዚያ የሰው አስከሬን፤ ከዚያም ሕፃናትን እስከ መብላት ደረሱ። እኛ ረሃብን የምናውቅ አገር ሰዎች ነን፤ ሆኖም ያንን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ለእኔም ከብዶኛል። የሞተው ሰው ስለበዛ ቀባሪ ጠፋ። በየሜዳው የወደቀው ገላ ሥጋው አልቆ አጥንቱ ብቻ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሕክምና የሚማሩት ደረሶች የጋለንን የአጥንት ትምህርት በቃል ብቻ መረዳት አቅቷቸው ነበር። ካይሮ አጠገብ አል-መቅስ በሚባል ቦታ ብዙ የሰው አፅም የተከመረበት ጉብታ እንዳለ ተነገራቸውና ከሸይኻቸው ጋር ወጡ። እዚያ የነበረውን ሸይኹ በግምት ሃያ ሺህና ከዚያ በላይ አድርገውታል። የቅርጡን፣ የመገጣጠሚያውን፣ የአቀማመጡን ነገር ከየትኛውም ኪታብ ሊያገኙት የማይችሉትን ያህል ከዚያ ቦታ ተማሩ።

ወደ መንጋጋው ሲደርሱም ነገሩ ተለወጠ። አንድ አጥንት ሆኖ አገኙት፤ አገጩ ላይ ስፌትም መጋጠሚያም የለበትም። ሌላ አነሱ፤ ያው ነው። በብዙ መንገድ ፈተሹት። የመረመሩት ከሁለት ሺህ ራስ ቅል በላይ ሆነ። ሸይኹ በራሳቸው ዓይን ብቻ አልረኩም፤ ሌሎች ሰዎች እርሳቸው ባሉበትም በሌሉበትም ለየብቻ እንዲመረምሩት አደረጉ፤ ሁሉም ያገኙት ያንኑ ነው። ከዚያ ወደ ቡሲር ጥንታዊ መቃብሮች ሄዱ። ምክንያቱን ተመልከቱልኝ፦ ድብቅ የሆነ ስፌት ቢኖር እንኳ ዘመን ሲቆይበት ይላቀቃል፤ የቡሲር አጥንት ደግሞ እጅግ ያረጀ ነው። እዚያም መንጋጋው አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሁሉም ሁለት አጥንት ነው ይላሉ ብለው ከጻፉ በኋላ፣ ሁሉም ስንል ጋለንን ብቻ ማለታችን ነው ብለው ያብራራሉ። አያችሁ፣ ኢስናዱን ወደ ላይ ተከትለው አንዱ ራዊ ጋር ደረሱ! ለጋለን ያላቸው ክብር ግን አልቀነሰም። ሰውየው በሥራው እጅግ ጠንቃቃ እንደነበር መስክረው፣ ዓይን ግን ከእርሱ ይበልጥ የሚታመን ምስክር ነው አሉ። ስድብ የለበትም፣ ሹፈት የለበትም። የዛሬ ልጆች በዑለማእ መካከል ያለን ኺላፍ በሚያነሱበት አንደበት ጋር ስታነጻጽሩት ታዝናላችሁ።

እኔ ከመንጋጋው የበለጠ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ጋለን 6 አጥንት ያለውን ከወገብ በታች ያለውን ክፍል፣ ከነዐጅቡ ዘነብ ማለት ነው፣ ሲመረምሩት በመጀመሪያ አንድ አጥንት ሆኖ አገኙት። አሁንም ጋለን ተሳሳተ ብለው ማወጅ ይችሉ ነበር። ሆኖም ሌላ አፅም ፈለጉ፤ በዚያኛው እንደ ጋለን ቃል ስድስት ሆነ። በቀሩትም ከሁለቱ በስተቀር እንደዚያው አገኙት። ይህን ሁሉ ሳይደብቁ ከጻፉ በኋላ፣ በመንጋጋው እርግጠኛ የሆንኩትን ያህል በዚህ እርግጠኛ አይደለሁም አሉ። ዛሬ እንደሚታወቀው ይህ ክፍል በዕድሜ እየተዋሃደ የሚሄድ በመሆኑ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይለያያል። በዚያ ቦታ የሚያዋጣው መጠራጠር ነበር፤ እርሳቸውም ተጠራጠሩ።

ከእናንተ መካከል የሙታን አጥንት መንካት እንዴት ተፈቀደ የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሙት አጥንት መስበር የሕያውን እንደ መስበር ነው የሚለው ሐዲስ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ሸይኹና ደረሶቻቸው ግን መቃብር ቆፍረው ያወጡት ወይም የቆረጡት ገላ በአል-መቅስ አልነበረም፤ ቀባሪ ያጣ አፅም ነበር። በዘመናችን በመካ የተሰበሰበው የፊቅህ ጉባኤ በ1408 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1987) ለሕክምና ትምህርትና ለሌሎች አስገዳጅ ምክንያቶች አስከሬን መመርመርን በመስፈርት ፈቅዷል፤ የሙትን ክብር መጠበቅ ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው።

አውሮጳ ውስጥ ጋለንን በአጥንት ጉዳይ በይፋ ያረመው እ.ኤ.አ. በ1543 ኪታቡን ያሳተመው ቬሳሊየስ ነው። ከሥዕሎቹ በአንዱ የሰው ራስ ቅል ተቀምጧል፤ ከሥሩም የውሻ ራስ ቅል። ይህን ያደረገው የላይኛው መንጋጋ ላይ ጋለን ለሰው የሰጠው አጥንት በውሻው ላይ በግልጽ የሚታይ መሆኑን አንባቢው ጎን ለጎን እንዲያይ ነው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን በዚህ ቦታ ላይ ፈረንጅ ከእኛ ሰርቆ ነው ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ለሸይኽ ዐብዱለጢፍም ክብር አይጨምርም። የእርሳቸው ኪታብ በእጅ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝ የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ሊቁ በኤድዋርድ ፖኮክ አማካይነት ነው፤ ከቬሳሊየስ መቶ ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬም ኦክስፎርድ ይገኛል። ሲልቬስትር ደ ሳሲ ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። የመንጋጋው ግኝት የሰፈረው ስለ ግብፅ ምድርና ስለ ረሃቡ በሚተርክ ኪታብ መካከል ስለነበር ሕክምና የሚቀሩት ደረሶች አላገኙትም፤ የእኛው መድረሳዎች ከእርሳቸው በኋላም መንጋጋውን ሁለት እያሉ ለብዙ ዘመን ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ሸይኹ ራሳቸው፣ አላህ ካገዘን በጋለን መጻሕፍት ያለውንና በዓይናችን ያየነውን የሚያነጻጽር ራሱን የቻለ ጽሑፍ እናዘጋጃለን ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ዞሩ፣ ብዙ ጻፉ። በ629 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1231) ሐጅ ለማድረግ ከሐለብ ተነሱ፤ መንገዳቸውን በባግዳድ በኩል አደረጉና ከረጅም ዘመን በኋላ የተወለዱባትን ከተማ አዩ። እዚያው ታመው አረፉ፤ በአባታቸው መቃብር አጠገብም ተቀበሩ። አላህ ይዘንላቸው።